የሦስተኛው መስኮት መልስ

ሃያ ሁለት ዓመት ተቀመጥኩ
ከሦስተኛው መስኮት፣ ከፍርግርጉ ጀርባ፤
ገንዘብ በእጄ ሲወጣ፣ ገንዘብ በእጄ ሲገባ።
ጠረኑን ለይቻለሁ፦
የአሣ አጥማጅ ሚስት ሳንቲም ጨው ጨው ይላል፣
የሸንኮራ ቆራጩ ፔሶ በላብ ርሶ ይጣበቃል፣
የሐኪሙ ልጅ ኖት ግን አዲስ ነው፤ ጣት ይቆርጣል።

ሰኔ ሲሆን ዝናቡና ሰልፉ አብረው ነበር የሚመጡ፤
ከመስኮቴ እስከ ማንጎው ዛፍ፣ ዣንጥላ ለዣንጥላ እየተጋጩ።
ዘንድሮ ዝናቡ ብቻውን መጣ፤
ጣሪያውን ደበደበ፣ ከፋይ ግን አላመጣ።

ማኒላ ላይ ፈረሙ አሉ፤
በመንግሥት ኮሌጅ ድኻ ከእንግዲህ አይከፍልም አሉ።
መልካም ሕግ ነው፤ ክፉ ብለው ምላሴ ይድረቅ።
አባቴ እኔን ሊያስተምር ጎሹን የሸጠ፣
ማሳውን በገዛ ትከሻው ያረሰ ሰው ነው።
ግን ከመንገዱ ማዶ
ወንበር ጠፍቶ ልጆች በደጅ ቆመው ይማራሉ፤
እዚህ የሳንታ ኤውላሊያ ወንበሮች
ባዷቸውን ተሰልፈው፣ መምህር ያዳምጣሉ።

ሬክተሩ አባ ኢልደፎንሶ ሐሙስ ዕለት ሰበሰቡን።
ለሚኒስቴሩ መልስ ይጻፍ ተባለ፤
ቃለ ጉባኤ ያዥዋ እኔ።
አንደኛው ረቂቅ “እናዝናለን” አለ።
የሕግ መምህሩ ቴዎፊሎ ማግባኑዋ ሳቀ፦
“ድኻ ስለጠገበ ያዘነ
በየትኛው ወንጌል ነው የጸደቀ?”
ተሰረዘ።
ሁለተኛው “ደስ ብሎናል” አለ።
ማንም አልተናገረ፤ ሁሉም ወለሉን አየ።
አርባ መምህር እስከ ገና እንደሚሰናበት
ከአርባዎቹ በቀር የማያውቅ አልነበረበት።
ተሰረዘ።
ሦስተኛው “እንጸልያለን” አለ፤
ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ ጸሎትን ማን ይከሳል?
ቃሉ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤
የእኛን መጽደቅ ግን እንጃ።

ከኋላ ሲስተር ፑሪፊካሲዮን ተነሡ፤
ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ኬሚስትሪ ያስተምራሉ፤
ጣታቸውን አሲድ በልቶታል።
“እህቶቻችን በመርከብ ሲመጡ” አሉ፣
“እዚህ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ነው።
አሁን ካለ፣ ተመስገን፤
የሌለበት ደሴት አይጠፋም፤ ጀልባ እንከራይ።”
ሬክተሩ ሰዓታቸውን አዩ።
ለጀልባ የተያዘ በጀት የለም ተባለ።
“ሲስተር ሐሳብ ሰጡ” ብዬ ጻፍኩ።
ቃለ ጉባኤ እንዲህ ነው፤
እሳቱን ትቶ አመዱን ይመዘግባል።

አሁን መስኮቴ ሥር የሚሰለፉት መልስ ፈላጊዎች ናቸው፤
የመመዝገቢያ ገንዘባቸውን ሊወስዱ።
ሦስት መቶ፣ አምስት መቶ ፔሶ፤
“እትዬ ጋውዴንሲያ፣ ይቅርታ” ይላሉ፣
የሰረቁ ይመስል።
ሚኒስቴሩ ከሬክተሩ መልስ ይጠብቃል፣
ልጆቹ ከእኔ፤
ያኛው በማኅተም፣ ይኸኛው በሳንቲም።
የእኔው ቶሎ ይደርሳል፤ ስርዝ ድልዝም የለበትም።

ዓርብ፣ መስኮቱ ሊዘጋ ሲል፣
አንዲት ልጅ መጣች፤ ዣንጥላዋ ያንጠባጥባል።
ስሟን አልጠየቅኳት።
ስሟን ያወጣሁላት እኔ ነኝ።
“እማዬ፣ እዚያ ተቀበሉኝ” አለች፤ “ምሕንድስና።”

ቅጹን ሞላሁ።
“ገንዘቡ የሚመለስበት ምክንያት” ከሚለው ላይ ስደርስ
ብዕሬ ቆመ፣ ጭቃ እንደያዘው ጎሽ።
ደስታ እንዳልል ደሞዜ፤
ሐዘን እንዳልል ልጄ።
ሦስተኛውን ቃል አሰብኩት፤ ለቅጹ በዛበት።
“በሕግ” ብዬ ጻፍኩ።
ከፋይ፣ እኔ። ተቀባይ፣ እኔ።
ሁለት ፊርማ፣ አንድ እጅ።

የማታው ደወል ሲደወል
መንገድ ዳር ጂፕኒ ስንጠብቅ፣
ሲስተር ፑሪፊካሲዮን ወደ ወደቡ አለፉ፤
ጫማቸውን በአንድ እጅ፣
በሌላው በፌስታል የመስታወት ብልቃጥ ይዘው።
ከባለጀልባው ዘንድ ቆሙ።
ስንት እንዳላቸው አልሰማሁም፤
ሲከራከሩ ግን ሰማሁ።