ሰባት ስም

ኮቱ ሰፊ ነበር፤ ትከሻው ከእኔ ይሻገራል፤
ቀድሞኝ የለበሰው ሰው ላቡ ዛሬም ይሸተኛል።
ፊሽካ ሰጡኝ፣ ቆመጥ ሰጡኝ፣ ቁጥር ሰጡኝ፦ ዐሥራ ሰባት፤
ጫማ የለም፤ የአዳማ አሸዋ ደግሞ ቀትር ላይ እሳት።

እናንተ የዕድር ሰዎች፣ ገሚሶቻችሁ «ባንዳ»፣
ገሚሶቻችሁ «ባለ ውለታ» ትሉኛላችሁ።
«ከማን ወገን ነበርክ?» ስትሉ ኖራችኋል ዐይን ዐይኔን እያያችሁ።
ከደመወዜ ወገን ነበርኩ። ልንገራችሁ።

ሐምሌ ነበር? ነሐሴ? ብቻ ዝናቡ ዘግይቶ፣
ከባቡር ጣቢያው ማዶ ግራሩ በአቧራ ገርጥቶ፣
አዋጅ ተለፈፈ፦ «ከዛሬ ወዲያ ጠገራ ብር አይሠራም፤
ገንዘብ ማለት ወረቀቱ ነው፤ እምቢ ያለ ገበያ አይወጣም።»

ሶሬቲ ቅቤዋን ገልጣ ተቀምጣ፣
አንዱ ወታደር ሊሬ ዘረጋላት። ተቀብላ፣ አገላብጣ፣
ወደ ፀሐይ አንሥታ አየችው፤
ከዚያ እንደ ጠገራው ድንጋይ ላይ ጣለችው።
አልጮኸም።
«ድምፅ የሌለው ገንዘብ፣» አለች፣ «እኔ ቤት አያድርም።»

መጀመሪያ ሳቅ ነበር። ሳቅ ብቻ።
ድንጋዩ ከሳቁ በኋላ ነው የመጣው፤ ከድንጋዩ በኋላ የጨው መጋዘኑ በር፤
ዐረቡ ሣልህ ሚዛኑን አቅፎ ከጠረጴዛው ሥር።
ፊሽካዬን ነፋሁ። በዚያ ጩኸት ማን ይሰማል?
ለእነሱም አልነበረም፤ ማሬሻሎው ያየኛል።

«ሰባት ስም፣» አለኝ በአስተርጓሚ፣ በጣቱ ቆጥሮ፤
«ሴቶቹን ታውቃቸዋለህ። እስከ ነገ ጧት። ከጎደለ፣ ያንተን ጨምሮ።»

አውቃቸዋለሁ እንዴታ!
ሶሬቲ የእናቴን የአራስ ገንፎ ያገነፋች፣
ዘርፌ የወንድሜን ዐይን በጡቷ ወተት ያጠበች፣
የሽንኩርቷ ድንቂቱ፣ ባሏን ጫካ የሸኘች፣
ሌሎቹም፣ ሌሎቹም።
ፊደል የቆጠርኩ ለዚህ ነበር?
ሌሊቱን አነጋሁት እርሳሴን በጥርሴ ቀርጥፌ፤
ጎህ ሲቀድ መቃብር ወረድኩ፣ የሙታን ስም ለቅሜ ጽፌ።
ድንጋዩ ላይ ስም የለም፤ ግን የቀበርኩትን አውቃለሁ፦
በዳቱን፣ ወርቅያንሳን፣ በንዳዱ ዘመን የሄዱትን እህትማማቾች...
ስድስት ሞላ።
ሰማዩ ቀላ። ቸኮልኩ።
ልጅ ሳለሁ የሞተች ጎረቤት ትዝ አለችኝ፤ «ያደቴ ጉቱ» ብዬ ጨረስኩ።

ስም ተጠራ ሜዳው ላይ፣ ሕዝቡ ተሰልፎ።
«በዳቱ!» — ንፋስ።
«ወርቅያንሳ!» — ንፋስ። አንድ አህያ አናፋ።
ሴቶቹ ገባቸው፤ ሶሬቲ ሳቋን ዋጠች አንገቷን ደፍታ።
«ያደቴ ጉቱ!»

«አቤት!»

ከጣቢያው ጀርባ የምታድር ውኃ ሻጭ፣ ከሞጆ በኩል የመጣች፣
በግርግሩ ዕለት ገበያ ያልዋለች፣ ጠጠር እንኳ ያላነሣች።
እንስራዋን ከጀርባዋ አውርዳ ወደ ፊት መጣች፤
ደስ ያላት ትመስል ነበር። ምናልባት ደመወዝ መስሏት።

ፊሽካው አንገቴ ላይ ነበር። አልነፋሁም።
«እሷ አይደለችም» ለማለት ሌላ ስም ያስፈልጋል፤
የቀረኝ ስም የራሴ ነበር።
አልተነፈስኩም።

ፉርጎው ተዘጋ። ወዴት እንደሄደ አላውቅም፤
ቁልቁል ነበር፣ ወደ አዋሽ።
እንስራዋ ግድግዳ ሥር ቀረ፤ ከርሞ ሸረሪት አደራበት፤
የተጠማ ሁሉ አልፎት ሄደ፤ አንድ ሰው አልጠጣበት።

ጣልያን ሲወጣ ሶሬቲ መሰከረችልኝ፦
«ይህ ሂርጳ፣ ሰባታችንን ያዳነ ነው!»
ልክ ነው። ሰባት ዳኑ።
ስምንተኛዋ በየትኛው መዝገብ ትቆጠር?

አሁን፣ በየወሩ፣ ጸሐፊያችን ስም ሲጠራ፣
ተራዬ ሲደርስ ዝም ስል፣ «ጆሮው ከዳው» ትላላችሁ።
አልከዳኝም። ስሜን እሰማዋለሁ።
ያቺን አንዲት ቃል ማለት ነው ያቃተኝ፤
እጄን ብቻ አወጣለሁ።