የባሕር ቮልቴጅ

ሂርማታ መርካቶ፣ ከልብስ ሰፊው ጀርባ፣
ክረምት ከበጋ ጣራዬ እያነባ፣
የሞተ ራዲዮ፣ ያኮረፈ ካውያ፣
ትንፋሽ ያጠረውን የውሃ መሳቢያ
ፈትቼ እገጥማለሁ፤ እንጀራዬ ይኸው።
ሐሙስ ከሰዓት ነው፣ ዝናብ መንገዱን ሲያጥበው፣
እትዬ ሸምሲያ ገቡ በጥድፊያ፣
በፌስታል ጠቅልለው የፀጉር ማድረቂያ።

«ነዚፍ፣ ይሄን ነገር አይተህ አስነሣልኝ፣
ልጄ መርከብ ላይ ሰባት ቀን ጋበዘችኝ።
አሥራ ሁለት ፎቅ አለው፣ መዋኛ አለው ከላይ፣
ሊፍት ያለው ሕንፃ፣ ተንሳፍፎ ውሃ ላይ።»

እኔ የማውቀው ውሃ አዌቱ ነው፣ ጠባቡ፣
ነጠላ ጫማ ይዞ የሚነጉድ በዝናቡ፤
ቢበዛ ቦዬ ነው፣ ቄጠማው፣ ወፎቹ፣
ማታ የሚያስነጥሱ ሁለት ጉማሬዎቹ።

«እዚያ ማድረቂያ የለም?»
«አለ አሉ፣ ግድግዳ ላይ ተቸንክሮ፣
እስትንፋሱ ግን የእንቅልፋም ዶሮ።
ልጄም ‹አትሸከሚ› ትላለች በየማታው፤
እኔ ግን የሰው ትንፋሽ አናቴን አይነካው።»

ፈታሁት። አሮጌ ነው፣ አረንጓዴ ቀለም፣
የሠራው ፋብሪካ ዛሬ በሕይወት የለም።
ገመዱ በፕላስተር አምስት ቦታ ታስሯል፣
ፊውዙ ተቃጥሏል፣ ብሩሹ አርጅቷል።
በሞተሩ አንገት ላይ ክር የመሰለኝን
በወረንጦ ብስበው፣ አላልቅ አለኝ።
ፀጉር ነው። የስንት ሰው ፀጉር፣
ሂና የነካው ቀይ፣ ሽበት፣ ድፍን ጥቁር፣
እንደ ግንድ ቀለበት ባንዱ ላይ አንዱ ተደርቦ፣
የስንት ሠርግ፣ የስንት ዒድ፣ አንድ ላይ ተስቦ።

«የእህቴ የራውዳ ነበረ» አሉ ቀስ ብለው፣
«አጂፕ ጋ፣ ባለ መስታወቱ ፀጉር ቤት፣ ታውቀው የለ? ያ ነው።»
አውቀዋለሁ። እናቴ ለሠርጌ ዋዜማ
እዚያ ነው የተሠራች፣ ቆጣቢዋ እማማ።
ምናልባት ከሽበቱ አንዱ የእርሷ ይሆናል።
አልነገርኳቸውም። ይሄ ምን ይባላል?

ፊውዙን ቀየርኩ፣ ገመዱን ቆርጬ ቀጠልኩ፣
ልሞክረው ስል መብራት ሄደ። ምን ላድርግ፣ ሳቅኩ።
እንደ ሁልጊዜው ቁጭ ብለን ጠበቅን፣
ስለ ጉልበት፣ ስለ ዝናብ ተጠያየቅን።
«ነዚፍ፣ የባሕሩ ቮልቴጅ ስንት ይሆን?»
ሃያ ስድስት ዓመት ሽቦ ስቀጥል፣ ይህን
ማንም አልጠየቀኝ።
«ማዕበል ሲነሣ ይጨምር ይሆናል» ብል፣
«እንግዲያ ሞገዱ ያደርቅልኛል!» ብለው ሳቁ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲደልቅ፣ ሲጥል።

መብራት መጣ። ጮኸ፣ እንደ ድሮ አውሮፕላን፤
ያረረ ፀጉር ሽታ ሁለታችንንም ሞላን።
ዝናብ የመታውን የሻሻቸውን ጫፍ
ደገኑበት፣ እስኪደርቅ፣ እንደ ክንፍ ሲርገፈገፍ።

በሦስተኛው ሳምንት በዚያው ፌስታል መጡ፣
ነገሩን ጀመሩት ገና ሳይቀመጡ፦
«በር ላይ ያዙብኝ! ነጭ የለበሰ ጎረምሳ
ገመዱን ነካካው፣ የቀጠልከውን፣ እንደ እባብ ሬሳ፤
‹ይሄ አይገባም› አለ፣ ቁጥር ሰጠኝ፣ ወረቀት፣
ሰባት ቀን ቆለፈው፣ ምድር ቤት እንዳልል ምድር የለም፣ በባሕር ቤት።»

ጆሮዬ ጋለ። የቀጠልኩት እኔ ነኝ።
«ፀጉርዎስ?» አልኩ፣ ሌላ ቃል ቢጠፋኝ።
«ነፋስ አደረቀው። ፎቁ ጫፍ ወጥቼ፣
ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ሳይኖር፣ ሻሼን ፈትቼ።»
ሌላ አልጨመሩም። ወደ መንገዱ አዩ፣
እዚያ ግን ጋሪ እንጂ ባሕር አልነበረም።

ሰካሁት። ይነፍሳል። ምንም አልሆነም።
ባሕር ደርሶ መጣ፣ ባሕሩን አላየም።
«ታዲያ ምን ልሥራለት?»
«ገመዱን ሙሉውን ቀይርልኝ፣ በአዲስ፣
ቀጥሎ እንዳይዙብኝ የዛሬ ዓመት ስደርስ።»

ፀጉሩ ክብሪት ቤት ውስጥ ነው፣ ከብሎኖቹ አጠገብ።
አልጠየቁኝም።
እኔም እስካሁን አልሰጠሁም።