ሠላሳ ሰባት

ግንቦት ነው። የጅማ ሰማይ ጠዋት ያለውን ከሰዓት ይክዳል፤
ፀሐይ ወጣች ስንል፣ በጅሬን በኩል ደመና ይወርዳል።
ስለዚህ መስኮቱን በዘይት ካርቶን ደፈንነው፣
ከአዌቱ ማዶ የሚመጣውን ብርሃን ውጭ አስቀረነው።

ጠረጴዛው ላይ አንዲት የእጅ ባትሪ፣
አንድ የብርሃን ሴንሰር፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ፣
ሽቦው መለኪያው ሆድ ገብቶ ያየውን በቁጥር የሚገልጥ።
ወረቀቶቹ ከሄርማታ ናቸው፤
ጥቁሩ ግን የጫማ ካርቶን ነው፣ በከሰልና በሙጫ የቀባነው።

ነጩ፦ አራት መቶ አሥራ ሁለት።
ቢጫው ጥቂት ዝቅ አለ።
ቀዩ እንደ ባለሱቅ ነው፣
የሰጠነውን ተቀብሎ
መልሱን አጉድሎ።

ጥቁሩ ላይ ደረስን።
እኔ የቤተ ሙከራው ረዳት፣ ይህን ሃያ ዓመት ያየሁ፣
ቁጥሩ ገና ሳይቆም፣ «ዜሮ ብላችሁ ጻፉ» አልሁ።

ሸምሲያ አባቢያ እስክሪብቶዋን አላነሣችም።
«ሃምሳ ስምንት ይላል።»
ጎንበስ አለች፤ ስድሳ ስድስት።
ቀና አለች፤ ሃምሳ ስምንት።
ደግማ ጎንበስ፤ ስድሳ ስድስት።
«ጥቁሩ ወደደሽ!» አለ ናስር ከኋላ፤ ክፍሉ ሳቀ።
እሷ አልሳቀችም። የነጭ ሂጃቧን ጫፍ በጣቷ ነካች፣
የናስርን ጥቁር ጃኬት ተቀብላ ከላዩ ደረበች፣
ጎንበስ አለች።
ቁጥሩ አልወጣም።

«እናንተም ራቁ» አለች።
ሰማያዊ ሸሚዞች አንድ በአንድ ወደ ግድግዳው ሸሹ፤
ሃምሳ አንድ፣ አርባ ዘጠኝ።
ከዚያ ዞር ብላ እኔን አየችኝ።
ፊቴን አይደለም። ጋዋኔን።
ነጭ ለብሼ፣ አጠገቡ ቆሜ፣
ሃያ ዓመት ጥቁርን ስለካ የኖርሁ!
አንድ ርምጃ፣ ሁለት፣ በሩ ድረስ አፈገፈግሁ።

ሠላሳ ሰባት። እዚያ ላይ ቆመ።
ጠበቅነው፤ ባትሪዋን አቀረብን፣ አራቅን፣ መለስን፤
ዜሮ የሚባለው አልመጣም።
የመልስ መስጫው ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነበረ፣
ዜሮ የሚል፣ በእጄ የጻፍሁት።

እሷ በደብተሯ፣ «ምልከታ» ከሚለው ሥር፦
«ጥቁር፣ ሠላሳ ሰባት። ሰው በሌለበት።»

ጣሪያው ላይ ዝናቡ ጀመረ።
ጋዋኔን አውልቄ፣ ከጠረጴዛው በላይ ካለው ምስማር ሰቀልሁት።
«ጋሼ» አለች ሸምሲያ፣ ዓይኗን ከመለኪያው ሳታነሣ፣
«ሠላሳ ስምንት።»