ሸካራው ፊት

ሰማንያ ድንኮች በተራራ ሆድ ውስጥ
ሌት ተቀን ይፍቃሉ፤ የለም የሚቀመጥ።
ቆፍሩ ስላቸው ቆፍረው ጨረሱ፣
አለስልሱ አልኳቸው፣ መሮ አነሱ።
ግድግዳው ያገጠጠ፣ ወለሉ ጎርበጥባጣ፣
እንደ ተራበ ሰው ጎኑ የወጣ፤
አንድ ካሬ ሲያልቅ ሌላ ካሬ መጣ።
እኔ ጣት አሳርፌ በማውሱ ጀርባ
ግንብ አሠራለሁ፣ ቤቴ ዝናብ ሲገባ።

ጎንደር፣ ከቀሃ በላይ፣ ቆርቆሮ ጣራ ስር፣
ኮምፒውተሬ ያረጀ፣ በስኮች የሚታሰር፣
ማራገቢያው ሲጮህ ወፍጮ ቤት የሚያስንቅ፣
ጎረቤት ሲተኛ እኔ ድንጋይ ሳስፍቅ።
ዲፕሎማዬ መሳቢያ፣ ሥራው ገና በወሬ፤
አለቃ ሆኛለሁ በድንኮች አገሬ።

አባቴ ከአልጋው አንገቱን አቅንቶ
ያየኛል ዝም ብሎ፣ ቀኙ በጄሶ ተገትቶ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ድንጋይ የጠረበ፣
የተናደ ቅጥር መልሶ የካበ፣
በሚያዝያ አንድ ጠዋት ርብራቡ ከዳው፤
ከሦስተኛው እርከን መሬት ተቀበለው።
ከዚያ ወዲህ ሥራው የኔን ሥራ ማየት ነው።

«ያ ማነው ሰነፉ?» አለኝ ትናንት ማታ፣
«ሰው ሁሉ ሲደክም ጥግ ይዞ የተረታ?»
«ጠጥቶ ነው» አልኩት።
«እሱስ የኛ ሰው ነው፤ ጠራቢ ነው በለኛ!
ቅዳሜ ደሞዝ ሲሰጥ እንዲህ ነበርን እኛ።
ቱምቢ እንኳን አልያዙ! ማን አስተካከለ?»
ምላሱን መጠጠ፤ ደግሞ ዝም አለ።

አየና ቆይቶ፣ «ይህ ሁሉ መፋቅስ
ምን ሊሆን ነው?» አለኝ።
ነገርኩት፦ ሲለስልስ
የክፍሉ ዋጋ ይንራል፤ ድንኩ ቢያዝን እንኳ
ልቡ ቀለል ይላል ግድግዳውን ሲነካ።
አፈር ግን አይሆንም፤ ጨዋታው አይፈቅድም፣
ከድንጋይ በቀር ሌላ ፈጽሞ አይለሰልስም።
«እሱንስ አውቆታል፣ የሠራው ሰውዬ»
አለና ሳል ያዘው፤ «ጀርባውን አሳየኝ፣ ማንዴዬ።»

«ጀርባ የለውም፣ አባ። ካሬ ነው፣ አንድ ፊት።»

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ለብቻው አወራ።
ከዚያ፦
«ድንጋይ ሁለት ፊት ነው። አንደኛው ለመንገድ፤
ንጉሥም፣ ቱሪስትም፣ ፍየልም ሲሄድ
እንዲያየው ይፋቃል፣ ይታሻል፣ ያምራል።
ኖራ የሚነካው ግን ሸካራ ይቀራል።
ለስላሳ ከለስላሳ ቢያስሩት አይያዝም፤
ኖራ የሚነክሰው ካልተውክለት፣ ግንብ የለም።»
«ታዲያ ማን ያየዋል?»
«ማንም።»

መብራት ጠፋ።
ሴቭ አላደረግሁም። የሦስት ሰዓት ልፋት፣
አዳራሹ በሙሉ ገባ ወደ ጽልመት።
በጨለማው መሃል ግራ እጁ መጣና
መዳፌን እንደ ድንጋይ አገላብጦ ያዘና፣
ጣቴን አሻሸና፣ «አንተ የመንገዱ ነህ» አለኝ።
ስድብ ይሁን ምርቃት እስካሁን አልገባኝ።

መብራቱ ሲመለስ ድንኮቹ ሲፍቁ፣
ያንኑ ግድግዳ፣ ያኔ መሥራታቸውን ሳያውቁ፣
አንዱ ቀራጭ ደግሞ ፈቃድ ሳይጠይቅ
ለስላሳው ላይ ምስል ጀመረ ሲፈለፍል።
አባቴ ለማየት ከትራሱ ተነሳ።
«ምን ቀረጸ?»
«አይብ።»
«ርቦት ነው» አለ፤ «ጾም ይሆናል እነሱ አገር።»

ዛሬ ማውሱን ሰጠሁት። በግራው ያዘና
ካሬ በካሬ እያየ ወረደ እንደገና፤
አዳራሹን አለፈ፣ ጎተራውን አለፈ፣
ከደረጃው ሲደርስ እጁ አረፈ።
«ይህን አታስፍቅ። ያዳልጣል።
ክረምት ደርሷል፤ ሰው ይወጣበታል።»

በተራራ ሆድ ውስጥ ክረምት እንደሌለ
አልነገርኩትም።
ደረጃው እንዳለ
ሸካራ ሆኖ ዋለ።