አንጀትና ብረት

አራተኛው አውታር ማክሰኞ ተበጠሰ፤
ጉንጬን ገረፈና ወለሉ ላይ ፈሰሰ።
እንደ ሞተ እባብ ጠቅልዬ አነሳሁት፣
ሠላሳ ዓመት ነክቼው ገና ዛሬ አየሁት።
ባስ ነውና ነገሩ፣
ካልጠፋ በቀር አይታወቅም ግብሩ።

ቅዳሜ አዳራሹ ፒያሳ ላይ ሊከፈት፣
የድሮ ጓድ ሁሉ ሲጠራ ከየቤት፣
እኔ ግን አለሁኝ ባሱን ተደግፌ፣
አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ በአፌ፦
አንጀት ነው? ወይስ ብረት?

ብረቱን የእህቴ ልጅ ሙሉሰው ነው የላከው፣
በአገር አቋራጭ አውቶቡስ፣ ከሽንኩርት ጋር ያሳፈረው።
ዋጋውን አልነገረኝም። ወረቀቱ ላይ አየሁት፤
የሁለት ወር ጡረታዬን ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት።
ያብረቀርቃል። አዲስ ቢላ ነው፣
የኋላውን ወንበር ድረስ ሄዶ የሚሰነጥቀው።
ጉሙ ቢወርድበት ቅኝቱ አይዛባም፣
ከአሮጌው እንጨት ጋር ግን አይግባባም።

አንጀቱን የሠራው መሪጌታ ስሜነህ ነው፣
ቀሃ ማዶ ያለው፣ በገና የሚያበጀው።
የሰባት በግ አንጀት አጥቦና ገምዶ፣
ሰባት ቀን ከአጥሩ ጋር በፀሐይ አዛምዶ፣
«ለጸሎት ነበር» አለኝ፣ «ለዘፈን አልሸጥም።»
ቆይቶም ሳቀና፣ «አንጀት ግን አይመርጥም።»
ይኼኛው ይሞቃል። ቀስት ሲነካው ያምጣል፣
እንጨቱ ውስጥ ገብቶ በደረቴ ይወጣል።
ግን ሐምሌ ነው፤ ጉም ከአንገረብ ይነሳል፣
እንደ ሰከረ ዘብ ቅኝቱን ይረሳል።
አንጀቴን በላው፤ ምን ላድርግ?

የሙጫው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።
ፋብሪካ የሠራው፣ በቆርቆሮ ያለው፣
እንደ መስታወት ደርቆ ብርዱ ሰነጠቀው።
ለቫዮሊን ይሁን፤ ለዚህ ዝሆን አይሆንም።

እንየው፣ ማሲንቆ የሚመታው ጎረቤቴ፣
ሐሙስ ማታ በጨርቅ ቋጥሮ መጣ ቤቴ፦
እንደ አበዳሪ የሚጣበቅ፣ ጥቁር፣ የጥድ ሙጫ፣
ከነጉንዳኑ የደረቀ፣ ካለ ምንም ማጣፈጫ።
«ሰም ቀላቅልበት» አለ፣ «የጥፍር ያህል።
እኛ ስንገጥም ሰሙን እናበዛለን፤
እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቅ፣ ሰሙ ከበዛ
ቀስትህ ያንሸራትታል፣ ወርቁን አትይዘው።»
በሳርዲን ቆርቆሮ አቀለጥኩት በከሰል፤
ስንታየሁ ድስቷን ደበቀች፣ እኔን ስታይ ሳማስል።

ዓርብ በባጃጅ አስመጣሁ አስር አለቃ ፈንታሁንን፣
ቀስት አያያዝ ያስተማረኝን፣ ጆሮው የከዳውን።
ኮቱን አወለቀ።
መዳፉን በባሱ ጀርባ ላይ ለጠፈ፣
ዓይኑን ጨፈነና ተነፈሰ፣ አረፈ።
ብረቱን ሳብኩለት። ፊቱ እንደ በር ተዘጋ።
አንጀቱን ሳብኩለት። ቅንድቡ ተላቀቀ፣
ከንፈሩ የሆነ ነገር ጠየቀ።
«ላዮቹን ሁለት አንጀት» አለ፣ ድምፁን ሳይመጥን፣
«ታቾቹን ብረት። ከሥር የሚሸከም ይጠንክር፣
ከላይ ያለው ይዘን።»

ቅዳሜ ሰው ሁሉ ዘፋኟን አየ፣
ለከበሮው ጮኸ፣ ለሳክስፎኑ ቆመ።
እኔን ያየኝ የለም፤ ደግሞስ ለምን ብሎ?
አስር አለቃው ብቻ፣ ከፊተኛው ረድፍ፣
ጫማውን አውልቆ፣ ካልሲውንም ጭምር፣
እግሩን ሳንቃው ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል።

ሲያበቃ መጣና ትከሻዬን ያዘ፦
«ሁለተኛዋ» አለኝ፣ «ትንሽ ዝቅ ብላ ነበር።»

እውነቱን ነው። ነበረች።
መስኮቱን አንዱ ከፍቶት፣ ጉሙ ገብቶ ነበር።