ልዩ ቦታው

«የት ነህ?» ነው ሥራዬ፤ «አይዞህ» ሁለተኛ፣
ወንበሬ ላይ የማነጋ ከተማው ሲተኛ።
እሳት አይቼ አላውቅም፣ ደም ነክቼ አላውቅም፣
ድምፁ ግን ከጆሮዬ ታጥቦ አይለቅም።

«ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ ፋርማሲው አጠገብ፣
ሰማያዊ በር አለ፣ ፊት ለፊቱ ግንብ...»
ይህ ከተማ ቁጥር የለው፤ ቢኖረውስ ማን ያውቀዋል?
ሰው ቤቱን በጎረቤቱ፣ ጎረቤቱን በዛፍ ይጠራዋል።
እኔም በቃሌ ነበር፣ ከፒያሳ እስከ ለገሃር፣
የቱ ሱቅ ሌሊት እንደሚያድር፣
የቱ ቅያስ የቱ ጋ እንደሚያሻግር።

ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰ።
ልብስ ሰፊው ሄደ፣ ሰዓት አዳሹ ሄደ፣ ዳቦ ቤቱ ሄደ።
ራሴ ውስጥ ያለው ካርታ ግን እንዳለ ነው፤
አፍርሽው ያለኝ የለም።

ጥር ላይ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት አልፏል።
«ያፌት እባላለሁ» አለ። ሳል። ደግሞ ሳል።
«ዳቦ ቤቱ ጋ ነን። እናቴ አልነሳ አለች። ጭስ ሞልቷል።»

«የቱ ዳቦ ቤት?» ማለት ነበረብኝ።
አላልኩም። ያወቅሁ መሰለኝ።

ጉደታን በሬዲዮ ላክሁት፤ መኪናው እየጮኸ ወጣ፣
ቆርቆሮ አጥር ፊት ቆመ፤ ሰው የለም፣ ጭስ የለም፣
ትናንት የተተከለ ዘንባባ፣ ገና በገመድ የታሰረ።
«ዘርፌ፣ የታለ?» አለኝ። የምመልሰው ታጣ።
ለካ ልጁ አዲሱን ነው፣ ከጀርባ የተከፈተውን፤
ሰፈሩ ከገቡ ገና ሦስት ወራቸው፣
የፈረሰውን ከየት ያውቀዋል?

ሰባት ደቂቃ።
ሪፖርቱ «በትራፊክ መጨናነቅ» ይላል።
በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት!
ጉደታ ነው የጻፈው። ለኔ ብሎ ዋሸ፣
ከዚያ ወዲህ ዓይን ለዓይን አንተያይም።
ልጁ ስልኩን አልዘጋውም፤ ስልኩ ነው የተዘጋ።
ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።
ሊነግረኝ የሚመጣ ሲኖር ሽንት ቤት እገባለሁ።

ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ዳቦ ቤት ጋ ወራጅ አለ?» ሲል
እወርዳለሁ፣ መንገዴ ሳይሆን።
ልጄ ስታስል እነሳና አድራሻ እጠይቃታለሁ፤
«እማዬ፣ እዚሁ ነኝ» ትለኛለች።
እናቴ ጠበል አለችኝ፤ ሄድኩ፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ጥሩ ነው።
አለቃዬ ፈቃድ ሰጠኝ፤
ሦስት ቀን ተኛሁ፤ በሕልሜም ተረኛ ነበርኩ።

እነሆ ሦስተኛ ፎቅ ነኝ፣ ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ፤
ሊፍቱ አይሠራም።
በሩ ላይ «ዕቃ ግምጃ ቤት» ይላል፣ የድሮ ጽሑፍ ነው፤
ባይነሳም ይሻላል፤
ያየኝ ሰው ቢኖር ባትሪ ላስቀይር መጥቼ ነው።
ደረጃው ላይ አንድ ትራፊክ ፖሊስ ቆሟል፣
ስልኩን ይነካካል። ስልኩ ጠፍቷል፤ አይቼዋለሁ።
ሰላምታ አልተለዋወጥንም፤
ተዋውቀናል ግን።

ሲስተር አስካለ ወንበር አሳየችኝ።
ጠረጴዛዋ ላይ ብዕር የለም፤ ያ ነው የገረመኝ፣
እኔ ያለ ብዕር ሰው ሰምቼ አላውቅም።
ዝም አለች። ዝም አልኩ። ውጭ አንዱ መኪናውን ያሞቃል።
እኔ ብሆን እስካሁን ሁለቴ «ሃሎ» ብያለሁ፤
እሷ ግን ትጠብቃለች፣ መስመሩ እንዳልተቋረጠ አውቃ።

ቆይታ ቆይታ፣
«የት ጋ ነው የሚያምሽ?»

ልዩ ቦታው? ከምን ጎን ልበላት?
ከጆሮዬ ዝቅ ብሎ፣ ከሆዴ ከፍ ብሎ፣
በር የለው፣ ዛፍ የለው፣ በጎረቤት አይጠራ፤
የከተማውን ጥግ ሁሉ በቃሌ የማውቅ
ለራሴ ምልክት አጣሁ።

«ዳቦ ቤቱ ጋ» አልኩ።

ወንበሯን ወደኔ ሳበች።
«የቱ ዳቦ ቤት?» አለችኝ።