ግራ የገባው ግራ እጅ

ኃላፊው አስፈርሞ ቁልፉን ሲሰጠኝ፣
«ይህኛው እንደ ስኩተርሽ አይደለም» አለኝ።
«ማርሽ አለው፣ ፍሪሲዮን አለው፤
ግራ እጅሽን ሥራ አስለምጂው።
የላይኞቹ መንደሮች ዳገት ናቸው፤
ፍሎሬስን የፈጠረ ሜዳ መፍጠር ረስቷል።»

ግራ እጄን?
ፋኖስ ከመያዝ፣ ጀርባ ከማከክ በቀር ምንም ያላዘዝሁትን፣
በቀኙ ጥላ ሥር ዕድሜውን ጨርሶ ያረጀብኝን?

አስተማሪዬ ኦም ቤኔ ነው፤
ሃያ ዓመት ከባጃዋ ገበያ በሞተሩ ሰው ያመላለሰ፣
ጉልበቱ ሲከዳው ሸጦት ወደ ዶሮዎቹ የተመለሰ።
ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ቅርንፉድ ከተሰጣበት ሜዳ፣
የኢኔሪዬ ተራራ በደመናው ቀዳዳ
አሻግሮ እያየን እንደ ሩቅ እንግዳ፣

«ሳቢ» ይለኛል፤ እስባለሁ።
«አንደኛ አስገቢ»፤ ቀጭ! አስገባለሁ።
«አሁን ልቀቂ… ቀስ… ቀስ በይ… ኧረ ቀስ!»
ሞተሩ እንደ ደነበረ በቅሎ ዘሎ
ጸጥ፤ የኔም ልብ አብሮት ፍስስ።

«አንድ!» አሉ አጥሩ ላይ የተሰቀሉ ልጆች።
«ሁለት!»
ቆጣሪው ጥርሰ ወላቃው ሬሚ ነው፤
አሥራ ዘጠኝ ላይ እናቱ ለምሳ ባትጠራው
መቶ ሳያስገባኝ የሚተወኝ አልነበረም።

«የቱ ጋ ነው የሚይዘው?» ስለው
ጣቱን አየር ላይ ሰቅሎ «እዚህ ጋ» ይላል፤
ወዲያው ደግሞ «አይ፣ እዚህ ጋ» ይላል፤
ሃያ ዓመት መዳፉ የሚያውቀውን
አፉ ከየት ያመጣዋል?
በመጨረሻ ላቡን በባርኔጣው ጠርጎ፣
«ቦታ የለውም፤ ራሱ ይመጣል።
ሲመጣ አትሽሺው፣ አታባርሪው። ቁሚለት» አለኝ።

ግራ ገባኝ።
ግራ እጄም፣ እንደ ስሙ፣ ግራ ገባው።

ማታ ፔትሮኔላ መጣች፤ የመጀመሪያዋ ነው።
ባሏ ጥግ ይዞ ቁና ቁና ይተነፍሳል፣ እሱ ያማጠ ይመስል።
ሊነጋጋ ሲል ጸጉር ታየ፤
ጥቁር፣ እርጥብ፣ የሳንቲም ያህል።
«አትግፊ» አልኋት፤ «ተንፍሺ ብቻ።»
ቀኜ ከታች ደግፎ፣
ግራዬ ከሚመጣው አናት ላይ አርፎ፣
ሳይከለክል፣ ሳይጋብዝ፣
በጣቶቹ ጫፍ እያዳመጠ
ክር በክር አሳለፈው።
ቆመለት።

አምቼው ኖሯል ለካ! ፋኖስ ብቻ ይይዛል ያልሁት፣
አሥር ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሲሠራ
ትከሻው ላይ ሆኜ ያላየሁት።

ሴት ልጅ ናት። አለቀሰች። እኔ ሳቅሁ፤
ፔትሮኔላ ምን እንዳሳቀኝ ዛሬም አታውቅም።

ሳልተኛ ወደ ሜዳው ወረድሁ።
ኦም ቤኔ ገና ዶሮዎቹን ይመግባል፤ አልጠበቅሁትም።
ሳብሁ። አንደኛ።
ከዚያ በኋላ ለእጄ ምንም አልነገርሁትም።
መያዣው ክር በክር ተመለሰ፤
የሞተሩ ድምፅ ዝቅ አለ፣ አፍንጫው ቀና፣
ጎማው መሬቱን እንደ ማሽተት አለና
መጣ።
ቆምሁለት።
ሄድን፤
የቅርንፉዱን ምንጣፍ ዳር ዳሩን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ አልፈን፣
የማንም ይሁን የማን፣ አንድ አሳማ
መሀል መንገድ ተኝቶ እስኪያቆመን።

እሑድ ቅዳሴ ላይ
ግራ እጄ የመዝሙር መጽሐፉን ጠርዝ
ሲጨብጥ፣ ሲለቅ፣ ሲጨብጥ፣ ሲለቅ፣
ማማ ዌንሲ ወደ ጆሮዬ ተጠግተው
«ልብሽን ያምሻል ወይ ልጄ?» አሉኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ገመዱ ተበጠሰ።
መካኒኩ አዲስ አስገብቶ ወጥሮ አሰረው፤
የለመድሁት ቦታ አንድ ጣት ሙሉ ሸሽቷል፣
ማንም አልነገረኝም።
ጤና ጣቢያው በር ላይ፣ ነጭ ጋዋኔን ለብሼ፣
ተረኛ ሴቶች ቆመው እያዩኝ፣ በኩራት ስነሣ
ዘለለ። ጸጥ አለ።

ከአጥሩ ማዶ አንድ ድምፅ፣
ሦስት ሳምንት ሙሉ ቁጥሩን ይዞ የጠበቀ፣
«ሃያ!» አለ።